ባለቤት ያጣው ግድግዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፬

ከትናንት የተለየ ነገር ያልታየበት ቀን። ጠዋት የመስኮቱን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ከአልጋው ተነሥታ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች፣ ማድቤት ገብታ ሻይ ጣደች። ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ይህን ቤት የምታነበው በጣቶቿ ነው፤ የቱ ጋ ልስኑ እንደተላጠ፣ የቱ ጋ ደፉ ከፍ እንደሚል፣ ዐይናማው እኔ ከማውቀው ይልቅ እሷ የምትዳስሰው ይበልጣል።

ረፋዱ ላይ ከክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ሁለት ቀለም ቀቢዎች መጡ። አዲስ የአውቶቡስ መስመር ሊከፈት ነው፤ መነሻውም የእኛ ደጃፍ እንዲሆን ተወስኗል። መልካም። በመንገድ ዳሩ ግድግዳችን ላይ፣ ክንድ በሚያህል ቀይ ፊደል፣ «አውቶቢስ ከዚህ ይነሳል» ብለው ጻፉ።

አውቶቢስ... ዕድሜውን ሁሉ ሰዋስው ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ በገዛ ግድግዳው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ እያየ፣ እንዴት ብሎ ዝም ይበል?

«ልጆቼ፣ ዕድለ ቢስ ማለት ዕድል የሌለው ማለት ነው። ጥቅመ ቢስ፣ ጥቅም የሌለው። እንግዲህ እናንተ የጻፋችሁት አውቶ የሌለው ማለት ነው።»

ረዥሙ ቀቢ ብሩሹን እያንጠባጠበ አየኝ። «አባባ፣ አንዳንድ ቀን እኮ እውነት ነው።»

እንዲጠፋ አጥብቄ ጠየቅሁ። ቃሏን ኖራ ቀቡባት። «አውቶቡስ» ተብሎ እንደሚጻፍ ስነግራቸው ግን አጭሩ ቀቢ፣ «እኛ ፊደል የምንቀበለው ከአለቃ ነው፤ ጠይቀን እንመለሳለን» አለ።

ሄዱ። ግድግዳው ላይ የቀረው «ከዚህ ይነሳል» ብቻ ነው። ማን? ምን? ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር፣ ማሰሪያ አንቀጹን ታቅፎ ሜዳ ላይ የቀረ...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፭

ቀቢዎቹ አልመጡም። አውቶቡሱ መጣ።

ገና ጎሕ ሲቀድ ከመስኮታችን ሥር ሰልፍ ተሠራ። የሰፈራችን ነርስ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሌሎችም። ልብስ ሰፊው ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሾፌሩን ያማል፤ ሁለት ሰዓት ዘግይቶም ቢሆን «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ስለሚል ስሙ ደርሰናል ሆኖ ቀርቷል አሉ። ባለቤቴ መስኮቱን ከፍታ ታዳምጣለች። ከማንም ጋር ሳትጫወት የከረመች ሴት፣ ዛሬ ነርሷን «ሳል ይዞሻል፤ ድምፅሽ ከትናንት የተለየ ነው» ትላታለች። ትናንት የት ሰምታት? «ማታ ስታልፍ» አለችኝ፣ ደንቆሮ ሰው እንደምታስረዳ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፰

ከክልሉ የቤቶች ቢሮ አንዲት ወይዘሪት መጣች። ግድግዳውን አየች፤ አንገቷን ደፋች።

«አዝናለሁ አባቴ። ተነሺ ናችሁ።»

«ማን አለ?»

«ግድግዳው።»

በእሷ ቢሮ ቋንቋ «ይነሳል» ማለት «ይፈርሳል» ማለት ነው። ባለቤቱ አውቶቡሱ እንደሆነ፣ ቃሉ በኖራ ሥር ተቀብሮ እንደሚገኝ፣ በዝርዝርና በትዕግሥት አስረዳሁ።

«ታዲያ ማን አጠፋው?»

መዋሸት አልችልበትም። «እኔ አስጠፋሁት።»

«አዩ፣» አለች በርኅራኄ፣ «እርስዎም ተስማምተው ነበር ማለት ነው።»

ምትክ ቤት ተይዞልናል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ። ባለቤቴ፣ «ደረጃው መደገፊያ አለው?» ብላ ጠየቀች። «ወደፊት ይገጠምለታል» ተባለች። ከሰዓት በኋላ ከመኝታ ቤቱ እስከ ሳሎኑ ያለውን ግድግዳ ደጋግማ ስትዳስስ አየኋት፤ መንገድ ሊሄድ የተነሣ ሰው ጎረቤቱን እንደሚሰናበት... በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ቤት በጣት አጥንታ አትጨርስም። እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ሁሉም በአንዲት «ቢስ» የተነሣ! ምን አለ ዐይኔን ጨፍኜ ባልፍ?

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩

ወደ ቢሮዎቹ ሄድኩ። ሁለቱም አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው፤ በር ለበር።

የትራንስፖርቱ ሹም፦ «ቃሉን ልንመልስ ዝግጁ ነን። ግን ቤቱ ተነሺ ነው። በሚነሳ ቤት ላይ አንጽፍም።»

የቤቶቹ ሹም፦ «ከተነሺነት ልንሰርዝዎ ዝግጁ ነን። ቃሉ ይመለስና ይምጡ።»

«ታዲያ ለምን ሁለታችሁ አትነጋገሩም?» አልኩ።

«ከእነሱ ጋር የምንነጋገረው በደብዳቤ ብቻ ነው» አለኝ የትራንስፖርቱ። ይህን ብሎ በሩን ከፈተና ባሻገር ላለው ባልደረባው፣ «ምሳ አብረን ነን አይደል?» ሲል ጮኸ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፫

ዛሬ ውሃችን ተቆረጠ። ተነሺ ቤት ውሃ አይሰጠውም። በዚያው ሰዓት የመብራት ሠራተኛ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ትልቅ አምፖል ሰቀለ፤ የአውቶቡስ መነሻ ጨለማ መሆን የለበትም። ቆራጩና ሰቃዩ አንድ መሰላል ተዋውሰው ሠሩ፤ ሲጨርሱም ተመራርቀው ተለያዩ።

ባለቤቴ፣ «እንግዲህ ጥማችንን በብርሃን እናየዋለን» አለች። ስትቀልድ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ ነው?

ማምሻውን ነርሷ ከሥራ ስትመለስ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛ ከአውቶቡሱ ወረደች። ልብስ ሰፊውም አንድ ይዟል። ደርሰናል ራሱ ከሾፌር ወንበሩ ሥር አንድ አወጣ። «እማማ፣ የሞተሩ አይደለም፣ አይስጉ» አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፬

ቀቢዎቹ አልመጡም።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፰

ሁለቱ ሹሞች፣ ወይዘሪቷ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥና ከኋላቸው አንድ ዶዘር መጡ። ባለቤቴ በእጇ በሩን ይዛ ቆመች። ሰልፈኛው ግን ቦታውን ላለመነጠቅ ንቅንቅ አላለም፤ ዶዘሩም ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ ተራውን መጠበቅ ግድ ሆነበት።

የቤቶቹ ሹም፣ «ነገሩ ዛሬ ይቆረጥ። የዚህ ነገር ባለቤቱ ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ ባለቤቱ» አለች ባለቤቴ ከበሩ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ መጻፍ ጀመረ። «ስለዚህ ከዚህ የሚነሱት ወይዘሮዋ...»

«አይሆንም፣» አልኩ፤ ድምፄ የማስተማሪያ ክፍል ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ግሡ በተባዕት ነው የታሰረው። እሷ ብትሆን ኖሮ ትነሳለች ይል ነበር።»

ሹሞቹ ተያዩ። ልክ ነው ተባለ። ተባዕት የሆነ ነገር ይፈለግ ጀመር። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«እኔም አልሆንም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ሽማግሌ ነኝ፤ ለእኔ ይነሳሉ ይባላል። ይነሳል ከተባለ ስድብ ነው፤ ቢሮው ደግሞ በግድግዳ ላይ ሽማግሌ አይሰድብም።»

«አይሰድብም» አለ የትራንስፖርቱ ሹም፣ ደንግጦ።

«ቤቱስ?» አለች ወይዘሪቷ።

«ቤቱ እንዲሆን ቤቱ የሚል ሊጻፍበት ይገባል። የሚጽፈውም ሰው በስሙ ይፈርማል።»

ከቢሮ ይዘውት የመጡት ብሩሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ፤ የሚይዘው ጠፋ። «አውቶቡሱ» ብሎ ለመጻፍም እንዲሁ ፈራሚ አልተገኘም። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ያዡ፣ ምሳ ሰዓት መድረሱን አይቶ ይመስለኛል፣ «ፌርማታው ቢሆንስ?» አለ። ፌርማታው... ተባዕት ነው፤ ማንንም አይሰድብም፤ ፈራሚም አያሻውም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ፌርማታው ከዚህ ይነሳል። ጽሑፉ ኖራ ተቀባ። የዶዘሩ ነጂ ባዶ እጁን ላለመመለስ የልብስ ሰፊውን ድንጋይ አነሣ።

ቤቴ ተረፈ። ነርሷ «እንኳን ደስ ያለዎት አባባ» አለችኝ፤ ይህን ስትል ጫማዋን ታይ ነበር። ከእንግዲህ አውቶቡስ ለማግኘት እስከ ገበያው በእግር መውረድ አለባቸው። በሰዋስው ራሴን አዳንኩ፤ እነሱን ግን... ባለቤቴ መስኮቱን ዘጋች። «ነገ ማንን ልሰማ ነው?» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለመስኮቱ አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፱

ጎሕ ሲቀድ ኮቴ ሰማሁ። ሰልፍ! ግድግዳው ባዶ ነው፤ ድንጋዩ የለም፤ ሰዉ ግን ቆሟል። አውቶቡሱም መጥቶ ቆመ።

ወጥቼ ደርሰናልን ጠየቅሁት። «ፌርማታው ተነሥቷል እኮ፣ አልነገሩህም?»

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

«አባባ፣ እኔ ግድግዳ አይደለም የምጭነው» አለና ማርሽ አስገባ።

ልብስ ሰፊውን ቆሞ እንዳላየው ወንበር አወጣሁለት።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፳፪

ውሃው ተመለሰ፤ አምፖሉን ግን መጥተው ነቀሉት። ይሁን።

ጠዋት ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ በትሯን ይዛ፣ መስኮቱን ትታ ወደ በሩ ስትሄድ አየኋት። ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ያችን ደፍ ወደ መንገዱ አልፋ አታውቅም።

«ወዴት ነው?»

«መስመሩ የት እንደሚያደርስ እነዚህ ሰዎች ሲያወሩ ሰንብተዋል። ሄጄ ልየው።»

«ልየው» ነው ያለችው። ላርማት አልፈለግሁም።

ነርሷ በአንድ ክንዷ፣ እኔ በሌላው። ደርሰናል ከወንበሩ ወርዶ፣ «እማማ፣ ደረጃው ሁለት ብቻ ነው፤ መደገፊያውም ተገጥሞለታል» አላት። በመስኮት በኩል ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጄን ያዘች።

«ቤታችን በየት በኩል ነው?»

«በቀኝሽ።»

ፊቷን ወደ ቀኝ መለሰች፤ መስታወቱን በጣቶቿ እየነካች፣ ተመልሳ እንደምትመጣ ሰው ቀለል አድርጋ እጅ ነሳችው።