በጋሽ እጥፋት ለቅሶ ላይ ስለተፈጸመው የደንበኛ ነጠቃ

የላውንደሪ ባለቤቶች ማኅበር መሥራችና የረጅም ጊዜ ሊቀመንበር፣ የአንሶላን ጠርዝ ከጠርዝ ሳያገናኙ እጃቸውን ስለማያነሱ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ እጥፋት» እየተባሉ የሚጠሩት አንጋፋ ባለሙያ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን በኅልፈታቸው የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል። ከሐዘኑ ጋር አብሮ የተሰማንን ጥየፋም አንሸሽግም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ጋሽ እጥፋት ሥራ የጀመሩት ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ በነበረች፣ ግድግዳዋ በእንፋሎት እየተላጠ በሚረግፍ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ማሽንና በሁለት ካውያ ነበር። ከዚያ ተነሥተው የከተማችንን ትልቁን ሆቴል፣ ሆስፒታሉንና አንድ የእንግዳ ማረፊያ በደንበኝነት ያዙ። ይህን ያገኙት ዋጋ በመስበር አልነበረም። አንሶላው በተባለው ሰዓት ይደርሳል፤ አልለቅ ያለ እድፍ ካለም ደንበኛው ሳያየው እሳቸው ቀድመው ይናገራሉ። የሥራ አመራር አሠልጣኞች «የውድድር ብልጫ» የሚሉትን ነገር ጋሽ እጥፋት የሚያውቁት በዚህ መልኩ ነበር፤ ሥልጠናው ላይማ አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፉ ነበር።

ማኅበሩ በተመሠረተበት ዓመት አንዱ አባል የሌላውን የካውያ ሠራተኛ በደመወዝ አባብሎ እንዳይወስድ የሚከለክለውን ስምምነት አርቅቀው አጸደቁ።

ውኃ በጠፋበት ዓመት የራሳቸውን ጉድጓድ ለሁሉም አባላት ከፈቱ። ከግቢያቸው ውኃ ቀድቶ ያልሄደ አባል የለም፤ ዛሬ ያንን የዘነጋ ግን አለ።

በማኅበሩ አምስተኛ ዓመት «የለቅሶ እጥበት» የተባለውን ደንብ አስጀመሩ። በዚህ ደንብ መሠረት የአንድ አባል ላውንደሪ ቤት በሐዘን ሲዘጋ ሌሎቹ ሥራውን ተከፋፍለው ያጥባሉ፤ የታጠበውንም የሐዘንተኛውን ቤት ምልክት እንደያዘ ለደንበኛው ያደርሳሉ፤ ስለ ዋጋ ትንፍሽ አይባልም። የምክትል ሊቀመንበራችን እናት ያረፉ ጊዜ ጋሽ እጥፋት የእሱን ደንበኞች ፎጣ በራሳቸው ሳሙና አጥበው፣ በእሱ ስም አድርሰዋል።

ባለፈው ዓመት ማኅበሩ ለአባላቱ የቢዝነስ ስትራቴጂ ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። አሠልጣኙ ስክሪኑ ላይ «ተፎካካሪ የሚዳከምበትን አጋጣሚ አስቀድሞ መለየት» የሚል ርእስ ሲያሳይ ጋሽ እጥፋት በዕለቱ ነቅተው ነበር። ፊታቸው ያለውን የጠረጴዛ ልብስ እያጠፉ፣ «ልጄ፣ የሚዳከመው ሲታመም ነው ወይስ ሲቀበር?» ብለው ጠየቁት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አራት አባሎቻችን ግን ጥያቄውን እንደ ምክር ይዘውት ኖሯል።

ሊቀመንበራችን እንዳረፉ በደንቡ መሠረት የቤታቸው ሥራ ለቀሩት ስድስት አባላት ተከፋፈለ። የምክትል ሊቀመንበሩ ቤት የትልቁን ሆቴል አንሶላ ወሰደ፤ አጠበ፤ የጋሽ እጥፋትን ቤት ምልክት ፈትቶ የራሱን ሰፍቶ፣ ከቅናሽ ዋጋ ጋር ለሆቴሉ አቀረበ። ይህ የሆነው አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። ሌሎች ሦስት አባላትም ምክትሉ ያደረገውን አይተው ሆስፒታሉንና የእንግዳ ማረፊያውን ተሻሙ። ቀብሩ ላይ ከእነዚህ ቤቶች የአንዱ የሽያጭ ክፍል ያሠራው የአበባ ጉንጉን ቀረበ፤ ሪባኑ ላይ «ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ አጥበን እንመልሳለን» የሚል ጽሑፍ ከነስልክ ቁጥሩ ነበረበት። የተሳሳተ ነገር መኖሩን ያሰበ አንድም ሰው በዚያ ቤት አልተገኘም። የሽያጭ ሠራተኞቻቸው ጥቁር ለብሰው፣ ለቅሶ ደራሽ መስለው ለቅሶ ቤቱ ገብተው፣ «እግዜር ያጽናችሁ» እያሉ ካርድ አደሉ።

በማግስቱ የሆቴሉ የግዢ ኃላፊ ለቅሶ ቤት መጣ። ከሟች ልጅ አጠገብ ተቀመጠና፣ «የማኅበራችሁ ሰዎች በግማሽ ዋጋ እንሥራልህ ብለውኛል፤ አንቺ ስንት ትያለሽ?» አላት። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ለዓመታት የሠራች፣ ዛሬ ደግሞ ላውንደሪውን የተረከበች ናት። «አባቴን ትናንት ነው የቀበርኩት» አለችው። እሱም «አውቃለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው ራሴ የመጣሁት» ብሎ መለሰ። የሰው ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ከዚህ በላይ ምን እንደሆነ አናውቅም።

እነዚህ ሦስት ደንበኞች ካልተመለሱ ቤቱ የውኃ ማሞቂያ ቦይለሩን ማቀጣጠል አይችልም፤ ልጃቸውና አሥራ አራት ሠራተኞችም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ማኅበሩ በጉዳዩ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ምክትል ሊቀመንበሩ ስብሰባውን በኅሊና ጸሎት ከከፈተ በኋላ «ሐዘን ሐዘን ነው፣ ገበያ ገበያ ነው» ሲል አስረዳ። ነገሩ ለድምፅ ቀረበ፤ ደንበኞቹ ባሉበት ይቆዩ የሚለው አራት ለሁለት አለፈ። ዓይን ያወጣ ነገር በእጅ ብልጫ ሲጸድቅ ተቀምጠን አየን።

ስለዚህ በዚህ መግለጫ «ማኅበራችን» ያልነው የተቃውሞ ድምፅ የሰጠነውን ሁለት ቤቶች መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። መግለጫው ማኅተም የለውም፤ ማኅተሙ ምክትል ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። እሱ ያወጣው ሌላ የሐዘን መግለጫ መኖሩንም ሰምተናል። ባለማኅተሙ የእሱ ነው።

ለቤተሰቦቻቸው፣ ለሠራተኞቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ተመኝተን እዚህ ላይ ብናበቃ ደስ ባለን። ነገር ግን ረቂቁን አስቀድመን ለልጃቸው ማሳየት ተገቢ መስሎን ትናንት ወደ ሥራ ቦታዋ ሄደን ነበር። ማሽኖቹ ቆመዋል፤ ሠራተኞቹ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች፣ ምንም ያልተቀመጠበት ረጅሙ የማጠፊያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ስለ አባዬ የጻፋችሁት እውነት ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችን። «ግን አይዞሽ የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ያጣሁት የሚታጠብ ነገር ነው።»