አባቴን እንቆቅልሽ ላደረጉት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የክላሲካል ሙዚቃ እንቆቅልሽ መድረክ መሥራችና ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንዳልተቃወሰ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንቅልፍዎን ለይቼ የጠየቅሁት ከእኛ ቤት ስለጠፋ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በመድረክዎ ላይ የጻፍኩትን «ከሙዚቃ ጋር የማይገናኝ» ብለው ስለሰረዙት መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች፣ መድረኩ ስለ ሙዚቃ ደራሲዎች ሕይወት እንቆቅልሽ የምንጠያየቅበት የበይነ መረብ ቡድን ነው። አባቴ የጥርስ ሐኪም ስለነበር እዚያ «መንጋጋ» ይባል ነበር፤ መልስ ባገኘ ቁጥርም «ተነቀለች!» ብሎ ይጽፋል። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ስልኬን ከስፌት መኪናው ጎን አቁሜ ከእሱ ጋር እሽቀዳደም ነበር። ልቡን ታሞ ሆስፒታል ከተኛ በኋላም አላቆመም። ባኽም ሃንደልም ዓይናቸውን አስነክተውት ታውረው የቀሩበት ሐኪም ማን እንደነበር የሚጠይቅ እንቆቅልሽ ከአልጋው ላይ ጽፎ፣ «አየሽ፣ እኔ ቢያንስ የነቀልኩት የታመመውን ጥርስ ነው» ሲለኝ ነርሷ ሳትቀር ስቃለች። በማግስቱ ጠዋት አጎቴን አጠገቡ ትቼ ሱቄን ልከፍት ሄድኩ። ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ በዚያው ሰዓት ወደ አባቴ ስልክ ስለደወሉ አመሰግናለሁ። አጎቴ አንስቶ እያለቀሰ ነገረዎት፤ «ልጁ ገና አልሰማችም፤ እኔው በአካል ሄጄ እስክነግራት ድረስ አደራዎን» ብሎ ለመነዎት። እርስዎም «አይዞዎት፣ ከእኔ አይወጣም» አሉት። እሱ ታክሲ ፍለጋ ደረጃውን ሲወርድ እርስዎ እንቆቅልሽ እያዘጋጁ ነበር። ቃልዎን ላለማፍረስ ስም አለመጥራትዎ ጠንቃቃነትዎን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍንጮቹ ጥራት። የመጀመሪያው «ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት ኖረ» ይላል። እኔ የዋሏ ወጣቱን ሃይድንን እንደ አሽከር ያሠራው የዘፈን አስተማሪ መሰለኝ። ሁለተኛው «ሃይድን ከአጠገቡ አይጠፋም ነበር» ሲል ጭራሽ እርግጠኛ ሆንኩ። ሦስተኛው ግን «ተነቀለች!» የሚል ነበር፤ አባቴም ጥርስ ሲነቅል የሃይድን ሙዚቃ ከክሊኒኩ አይጠፋም ነበርና ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳላወጣ ሳቄ መጣ። የታመመ አባቴን ለማጫወት ያሰቡት መስሎኝ፣ እውነት እልዎታለሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩዎት። «መንጋጋ ነው! አባቴ ነው!» ብዬ ከሚስቅ ፊት ጋር ላክሁ። እርስዎም ወዲያው «ትክክል! ሃያ ነጥብ። ውድ አባላችን ዛሬ ጠዋት በሞት ተለይቶናል» ብለው መለሱልኝ።

ለሃያው ነጥብ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አጎቴ ሲገባ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም ነበር። መንገዱን ሙሉ ቃል ሲመርጥ የመጣ ሰው ፊቴን አይቶ «ማን ነገረሽ?» ብቻ አለኝ። ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበና «ይቺን የምትስቀዋን ማን ነው የላካት?» አለ። እኔ መሆኔን ስነግረው አቅፎኝ አለቀሰ። ያቺን ቢጫ ፊት ከዚያ ወዲህ ለማንም ልኬ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ከዚያ ስለተከተለው ከፍ ያለ ውይይት። አንዳንድ አባላት «ሟች የሙዚቃ ደራሲ ስላልሆኑ ጥያቄው ከደንብ ውጭ ነው» ሲሉ ተከራከሩ፤ እርስዎም ደንቡን እየጠቀሱ በትዕግሥት አስረዱ። «ጎበዝ፣ ነውር ነው! ሰው እኮ ነው የሞተው» ብለው የጻፉትን ጡረተኛ ባቡር ነጂ ግን አገዷቸው። ለእኔም «ሐሳባችን እሳቸውን ማክበር ነበር፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ተሳትፎ አይተን አናውቅም» የሚል መልእክት ላኩልኝ። ክቡር ሆይ፣ አንብቤ ስጨርስ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩ ግን አላውቅም።

ቀብሩ ላይ የታገዱት ባቡር ነጂ መጡ። መልካቸውን አይቼ ስለማላውቅ «እኔ ፉጨት ነኝ፣ ልጄ» ብለው በመድረክ ስማቸው ተዋወቁኝና ከአጎቴ ጋር ሣጥኑን ተሸከሙ። ከእርስዎም የመድረኩ ስምና አድራሻ በትልልቁ የተጻፈበት የአበባ ጉንጉን ደረሰን። አጎቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በአክብሮት ይዞት ወጥቶ፣ ከመቃብር ቦታው አጥር ውጭ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አኖረው። ዛሬ ከፉጨትና መድረክዎን ትተው ከወጡ ጥቂት ሰዎች ጋር በስልክ እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን፤ ነጥብ የሚባል ነገር የለም።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ እንቆቅልሽ እስካሁን እንደተለጠፈ ነውና ያንሱት። መልሱ ተገኝቷል።

ለሰው ሐዘን ካለዎት ጥልቅ ስሜት የተነሣ በሚያድርብኝ ሙሉ አክብሮትና ከእሱም በማያንስ ማቅለሽለሽ፣

የጥርስ ሐኪሙ ልጅ፣ መጋረጃ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ የአባቴን ስም ከነጥብ ሠንጠረዡ አናት ላይ በማግስቱ ማንሳትዎን አይቻለሁ። ለዓመታት ከሥሩ ሁለተኛ ሆነው የቆዩት እርስዎ ነበሩና ቦታው በሕጉ መሠረት የእርስዎ ነው። እንኳን ደስ አለዎት፤ በሕይወት እያለ ግን አልቻሉትም።