የታችኞቹ ሦስት እርከኖች

ሰኞ፣ የካቲት 10፣ ማታ 1 ሰ.

የወይኑን ስኳር ለካሁ። የላይኞቹ እርከኖች ደርሰዋል ማለት ይቻላል። የታችኞቹ ሦስቱ ገና ናቸው፤ አንድ ፍሬ ብነክስ ጥርሴን አጠረሰው። አሥር ቀን ፀሐይ ቢያገኝ ይበቃው ነበር። ሰማዩ ግን አሥር ቀን የሚሰጥ አይመስልም። ከመርሳ በላይ ያለው ተራራ ሦስተኛ ቀኑ ነው ደመና እንዳጠለቀ። በልጉ ዘንድሮ ቸኩሏል።

ትሉም አለ። ከታችኞቹ እርከኖች ብቻ አንድ ባልዲ የተበላ ዘለላ ቆርጬ አወጣሁ። ፍሬውን ይበሳዋል፣ በቀዳዳው ሻጋታ ይገባል፣ ሻጋታው አጠገቡ ያለውን ይይዛል። ትሉን እንዲያባርር ትናንት ያዘፈዘፍኩትን የኒም ዛፍ ቅጠል አጥልዬ ረጨሁ። እጄ እስካሁን ይመራል፤ እንጀራ ስቆርስ ምሬቱ አብሮ ገባ።

ሙሌ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ፊቱን ሳየው የሚለውን አውቀዋለሁ። የቅጠል ውኃሽ ትሉን ያጥበዋል እንጂ አይገድለውም አለኝ። ከወልድያ መድኃኒት ላምጣ አለ። አይሆንም አልኩት። ባለፈው ሳምንትም አይሆንም ብዬዋለሁ። ምክንያቱን ያውቀዋል። በረድፎቹ መሀል የዘራሁት የማገጥ ሣር አሁን አበባ ነው፣ የጎረቤታችን የሼህ አሊ ንቦች ደግሞ የሚውሉት እዚያ ነው። ችግኙን የተከልን ዓመት ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እሳቸው ከምንጫቸው በተራ የመስኖ ውኃ ይሰጡናል፣ እኛ መርዝ አንረጭም። እሳቸው ወይን ጠጅ አይነኩም፣ ልጆቻቸውንም ወደ መጥመቂያው አያስደርሱም። ግን የዚህን ዳገት ድንጋይ እንዴት እንደሚካብ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ሙሌ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12፣ ከቀኑ 11 ሰ.

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጽሑፉ ካልተነበበ ይቅር።

ጧት ወልድያ ሄድኩ፣ የመጥመቂያውን ፈቃድ ለማሳደስ። ታደሰልኝ። ደስ ብሎኝ ሚኒባስ ያዝኩ። ሲሪንቃ ስንደርስ መስታወቱን ጥቂት ጠብታ መታው፣ ወዲያው አባራ። ከመርሳ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው። የእኛ ቤት ሽታ አይደለም። ስለታም፣ ጉሮሮ የሚይዝ። መጥመቂያው በር ላይ በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ተቀምጧል፣ አፉ ላይ መድኃኒቱ ደርቋል። ወደ ታች ሮጥኩ። ማገጡ ላይ ንቦች። የሞቱ አሉ። ያልሞቱት መሬት ላይ ይሽከረከራሉ፣ አንድ ክንፋቸውን እያራገቡ።

ሙሌ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"የታችኞቹን ብቻ ነው የረጨሁት፣ በማለዳ። ንብ ሳይወጣ።"

"አበባው ላይስ? አበባው ላይ የቀረውን ማን ያነሳዋል?"

"ሰባት ዓመት የደከምንበትን ለትል እናብላው? ለሆቴሉ ወይን ጠጁን እናቀርባለን ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።"

ጮህኩበት። የጮህኩትን መጻፍ አልፈልግም። እናታችንን ሁሉ አነሳሁ። ከዚያ ማጭድ አምጥቼ ማገጡን አጨድኩ፣ ቢያንስ ከዚህ በኋላ የሚመጡት እንዳይቀስሙት። አላገዘኝም። አልሄደምም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሼህ አሊ መጡ። ዳገቱን ሲወጡ ከሩቅ አየኋቸው፣ በከዘራቸው ቀስ እያሉ። ለመደበቅ ቦታ የፈለግኩ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜዬ።

የፎጣቸውን ጫፍ ፈቱና አሳዩኝ። አንድ እፍኝ የሞተ ንብ። ከስድስቱ ቀፎ አራቱ ባዶ ሊሆኑ ነው አሉ። እኔን ሊከሱ አልነበረም የመጡት። ለጎረቤት ሐዘን ሊነግሩ ነው። ይማም ነው አሉ፣ ወንዙ ዳር ሽንኩርት የሚያለማው። በየሳምንቱ ይረጫል። ጠይቀውት ወላሂ ብሎ ማለ፣ አላመኑትም፣ ክፉ ቃል ተለዋወጡ። ነገ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል።

 እኛ ነን በማለት ፈንታ ውኃ ቀዳሁላቸው። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ይተካል" አሉኝ። እኔን አጽናኑ! እኔን!

ለሙሌ ነገርኩት። ዝም በዪ አለ። ይማም እንደሆን ዓመቱን ሙሉ የሚረጭ ሰው ነው፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ያደርገው ነበር፣ ደግሞ ማንም አላየንም። የመጨረሻዋን ሲናገር ድምፁ ቀነሰ።

ዓርብ፣ የካቲት 14፣ ጧት 3 ሰ.

ምንጩ ላይ የይማምን ሚስት አገኘኋት። ጀሪካኗን ሞልታ ቆማለች፣ የሚያሸክማት የለም። ሌሎቹ ሴቶች ትንሽ ራቅ ብለዋል። አሸከምኳት። ባሏ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም አለችኝ። ሰው ሰላምታውን አይመልስለትም። በልጆቼ ምያለሁ፣ ከዚህ በላይ በምን ልማል ይላል አለች።

ማስታወሻዬ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ እወርዳለሁ።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰ. በኋላ

ወረድኩ። ዋርካው ሥር አምስት ሽማግሌዎች፣ ሼህ አሊ፣ ይማም። ሴት አልነበረችም። ቆምኩ። አንደኛው ምን ፈልገሽ ነው ልጄ አሉኝ።

"ይማም አይደለም። መርዙ ከእኛ ማሳ ነው" አልኩ።

 ሼህ አሊ ቀና አሉ።

"አንቺ ነሽ የረጨሽው?"

"ማሳው የእኔ ነው።"

"እሱን አልጠየቅሁሽም።"

"ወንድሜ ነው። ቃሉን የሰጠሁዎት ግን እኔ ነኝ። ትናንት ቤቴ መጥተው ዝም ያልኩዎትም እኔ ነኝ።"

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ተነሡ፤ ወደ እኔ ግን አልመጡም። ወደ ይማም ሄዱና፣ በልጃቸው ዕድሜ ያለውን ሰው፣ በሁሉ ፊት፣ "አፉ በለኝ" ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ይማም ተንሸራቶ ጉልበታቸውን ያዘ። አለቀሰ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ስለ ካሳ ተነሣ። ዘንድሮ ከምንሸጠው እከፍላለሁ አልኩ። ሼህ አሊ ራሳቸውን ነቀነቁ። የወይን ጠጅ ገንዘብ ቤቴ እንደማይገባ እያወቅሽ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አፍሬ ሳላስብ ነው የተናገርኩት። ከዚያ፦

"የረጨው ሰው ራሱ ይምጣ። በእጁ አራት ቀፎ ይሥራልኝ። መንጋ እስኪገባበትም እየመጣ ይጠብቅ። ንብ ምን እንደሆነ ይወቅ።"

ስለ ውኃው ተራ ምንም አላሉም። ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

"ሸጥሽኝ።" ሙሌ ይችን ብቻ ነው ያለኝ። መልሼ ብነግረው፣ ባስረዳው፣ ይችኑ። በኋላ ደግሞ ቀፎ አልሠራም አለ። ሽማግሌ ፊት በስሜ ከቆምሽ አንቺው ሥሪላቸው።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ በሌላ ነገር። ሰኞ ለቃሚ ይዤ እመጣለሁ፣ የታችኞቹንም አብረን እናነሣለን፣ ዝናቡ ሳይደርስ አለ። የመድኃኒቱን ዕቃ አውጥቼ ጽሑፉን አነበብኩለት። ከተረጨ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፍሬው አይለቀምም ይላል። ሦስት ሳምንት ከጠበቅን ደግሞ ዝናቡና ሻጋታው ያበላሹታል። በርሜል ውስጥ ከገባ ማን ያውቃል አለ። ወንድሜ ነው እንዲህ ያለው፤ ባለፈው ዓመት አንድ በርሜል ትንሽ ሆመጠጠ ብሎ ሰው አላጠጣም ያለ። የፈራ ሰው እንዲህ ይሆናል። እኔም ሐሙስ ዕለት ፈርቼ ምን እንደሆንኩ አይቻለሁ።

ከምርታችን ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ የታችኛው።

ሰኞ፣ የካቲት 17፣ ረፋድ

ጎህ ሲቀድ መቀስ ይዤ ወረድኩ። እሱ ለቃሚዎቹን ይዞ ከመምጣቱ በፊት መጀመር ነበረብኝ። ከመጣ በኋላ እንደማልችል አውቃለሁ።

የመጀመሪያውን ዘለላ ቆርጬ ስጥለው እንደ ሰው ወደቀ። ከአሥረኛው በኋላ መቁጠር ተውኩ። ትናንት ያስቆፈርኩት ጉድጓድ ከውኃ መውረጃው ራቅ ያለ ነው። እዚያ ጨምሬ አፈር አለብሰዋለሁ፣ ዶሮም ንብም እንዳይደርስበት።

2 ሰዓት ላይ ሙሌ ደረሰ። ከኋላው ሦስት ሴቶች ሣጥን ይዘዋል። እርከኑ አፋፍ ላይ ቆሞ አየኝ። አበድሽ ወይ ብሎ ጮኸ። መቁረጤን ቀጠልኩ። ወርዶ መቀሱን ያዘ። አለቀቅኩም። ሁለታችንም ይዘነው ቆምን። 

"እኔ እኮ ለኛ ብዬ ነው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ፣ ግን…"

መቀሱን ለቀቀው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹን ወደ ላይኛው እርከን ላክኋቸው፣ እዚያ የበሰለው ይለቀም። አንድ ረድፍ ጨርሼ ዘወር ስል ሙሌ ቆሟል። የቀፎው ጣውላ ምን ዓይነት መሆን አለበት ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ባለቤቱን ጠይቅ አልኩት። ሱሪውን አራግፎ ሄደ። ወደ መርሳ በሚያወርደው መንገድ አይደለም። ወደ ሼህ አሊ ቤት በሚወስደው።

አሁን ጉድጓዱ ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሁለት ረድፍ ይቀረኛል። ለሆቴሉ ሰውዬ ደውዬ ዘንድሮ ግማሹን ብቻ እንደምሰጠው፣ ለምን እንደሆነም፣ ራሴ እነግረዋለሁ። ሙሌን አላስነግረውም። ወስኛለሁ። ጣቴ በጭማቂው ተጣብቆ ብዕሩ አልላቀቅ ብሎኛል።