ከእኔ የተረፈችው ጠብታ

ውድ እታለም፣

ዛሬ ጤንነትሽን ጠይቄ፣ ጤንነቴን ነግሬሽ፣ እንደ ወጉ የምጀምርበት ልብ የለኝም። ጠዋት ስደውልልሽ እንደ ልማድሽ «እሺ፣ እሺ፣ ሰምቻለሁ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው በጽሑፍ ያልመጣለትን ነገር አያምንም አይደል? ይኸው በጽሑፍ፦ ያቺን የዓይን ጠብታ ተያት።

ዓይኔን በሌዘር የታከምኩ ጊዜ ሦስት ሳምንት እኔ ጋ ሰንብተሽ ያስታመምሽኝ አንቺ ነሽ። መጋረጃውን ዘግተሽ፣ «ወደ ላይ እይ፤ እንዳትጨፍን፣ አንተ ፈሪ!» እያልሽ ጠብ ታደርጊልኝ ነበር። ሐኪሙ የሰጠንን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ፣ መጀመሪያ በቀን አራቴ፣ ቀጥሎ ሦስቴ፣ ከዚያ ሁለቴ፣ እያንዳንዷን በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግሽ። ለእኔ አንዲት ሰዓት ያላዛነፍሽ ሰው!

ልትሄጂ ስትይ ዓይንሽ ቀልቶ ያሳክክሽ ነበር። «እስኪ ይቺን ሞክሪያት፣ ከእኔ የተረፈች ናት» አልኩሽ። እኔ ነኝ ያልኩሽ። ወላጆቻችን ካለፉ ጀምሮ እንደ እናት አሳድገሽኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬሽ አላውቅም፤ ቃሉ ከአፌ አይወጣልኝም። በምስጋናው ፈንታ መድኃኒት ሰጠሁሽ። በማግስቱ ደውለሽ «ጉድ እኮ ነው፣ እንደ ወተት ነጣልኝ! እጅህ ይባረክ» ስትይኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ባዶውን ብልቃጥ ለሰፈርሽ መድኃኒት ቤት እያሳየሽ ስምንት ወር ሙሉ ስትገዢ እንደቆየሽ የነገርሽኝ ባለፈው ወር ነው። ሳቅኩ እንጂ ምንም አልመሰለኝም። ትናንት ለምርመራ ሄጄ ነገሩን ለሐኪሙ እንደ ቀልድ ሳወራለት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስምንት ወር? የዓይኗን ግፊት የለካላት ሰው አለ?» አለኝ። ስቴሮይድ የሚሉት፣ መቅላቱን ቶሎ የሚያጠፋ መድኃኒት ያለበት ጠብታ ነው አለኝ፤ ሲቆይ በአንዳንድ ሰው ዓይን ውስጥ ግፊቱን ይጨምራል። አያምም፣ አያቀላም፤ ዝም ብሎ ከዳር ከዳር ብርሃኑን ይበላል። የተበላው ደግሞ አይመለስም።

ቤት ገብቼ ደብዳቤዎችሽን አወጣሁ። የድሮዎቹ በማስመሪያ የተጻፉ ይመስላሉ። በመጨረሻው ግን መስመሩ ሁሉ ከወረቀቱ መሃል ይጀምራል፤ ግራው ባዶ ነው። ውስጡም «የጓዳው በር መቃን ግራ ትከሻዬን ፈጀው፣ እርጅና መጣ መሰለኝ» ይላል። እታለም፣ ስልሳ ሳይሞላሽ የምን እርጅና ነው? የደረሰኝ ቀን ስቄበት ነበር፤ አሁን ግን እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ።

ሐኪም ሳያይሽ አንዲት ጠብታ እንዳትጨምሪ። ብልቃጧን ይዘሽ ዛሬውኑ ዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህን ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ፤ እኔ ከሥራ ፈቃድ ያገኘሁት ለሐሙስ ስለሆነ እንዳትጠብቂኝ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ ሂጂ።

ቀኝ ዓይንሽን በእጅሽ ሸፍነሽ ይህን መስመር በግራው አንብቢው። ካቃተሽና ሌላ ሰው እያነበበልሽ ከሆነ ግን፣ እርስዎ የሚያነቡላት፣ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እባክዎ እዚህ ላይ ያቁሙና እጇን ይዘው ይነሡ።

ጥፋተኛው ወንድምሽ