የእኔ ጋጣና የእማማ ጥሩዬ ፍየሎች

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

ሁለቱም ግልገሎች ሞተው ተወለዱ። ነጯ ፍየል ከጠዋት ጀምራ ስታምጥ፣ ምጡ ሲጠፋ ሲመለስ ውሎ ከሰዓት በኋላ ነው የተገላገለችው። ጥፋቱ የኔ ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ከደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ስድስት ወሬ ነው፤ ቤት ያከራዩኝን እማማ ጥሩዬን ለምኜ ፍየሎቻቸውን ከቤታቸው ጥግ አስወጣሁና ጠባብ፣ ንጹሕ፣ በሳንቃ የተከፋፈለ ጋጣ ሠራሁላቸው። ሠርቼም ደረቴን ነፋሁ።

እማማ ባላቸው ሞተዋል፤ ከፍየሎቹ ሌላ ሀብት የላቸውም። ማታ እንደ ወትሮው ራቴን አቀረቡልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀሩ እርጉዞች፦ ጥቁሯ፣ ዳልቻዋ፣ ጆሮ ቆራጣዋ።

ማክሰኞ፣ 6

ቁስቋም ማርያም ናት፤ ሥራ የለም። ቁጭ ብዬ ፍየሎቹን አየሁ። ጋጣውን ከሠራሁ ወዲህ እንዲህ ሳያቸው የመጀመሪያዬ መሆኑ ያሳፍራል። ጥቁሯ በሰኮናዋ ሳንቃውን ትጭራለች፣ መዞር ግን አትችልም። ጎረቤት «የመንግሥትን ጋጣ» ሊያይ ብቅ ባለ ቁጥር ማመስኳቷን ታቆማለች፣ ጆሮዋን ትቀስራለች።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እንስሳ ሲፈራ ከኩላሊቱ አጠገብ ያለች እጢ ደሙ ውስጥ የምትረጨው ነገር አለ፣ ምጥ ያቆማል ብለው አስተምረውን ነበር። በፈተና መጥቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሳንቃ ስቆርጥ ግን ትምህርቴ ደብተሬ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ሳንቃውን ልነቅል መዶሻ ባነሳ እማማ፣ በማርያም ቀን አይነካም አሉኝ። ጥቁሯ እስከ ነገ ባትወልድ እያልሁ ስጨነቅ ዋልሁ።

ረቡዕ፣ 7

ሳንቃውን ነቀልሁ። ሰፈርተኛው ወጥቶ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ድሮ እንዴት ይወልዱ እንደነበር እማማን ጠየቅኋቸው።

«ቦታውን እሷ ናት የምትመርጥ። እኔ ዞር እላለሁ።»

ይህን ለመጠየቅ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ገለባ ጎዘጎዝሁ፣ አንዱን ጥግ በአሮጌ ሰሌን ጋረድሁ፣ በሩን ክፍት ተውሁት።

ዓርብ፣ 9

ጥቁሯን ጠዋት ጀመራት። ከዚያ ያላሰብሁት ጣጣ መጣ። የነጯን ነገር የሰሙ ሴቶች ለእማማ አዝነው ተሰበሰቡና፣ ለምጥ የያዛት ሴት እንደሚደረገው፣ «ማርያም ማርያም» ይሉ ጀመር። ጥቁሯ ደርቃ ቀረች። ምጡ ቆመ። እኔ የሰው አገር ሰው፣ ሴቶችን ከጸሎት እንዴት ላባርር? እማማ ተነሥተው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አሏቸው፤ ሁሉም እሺ ብለው ቤት ገቡ። ኋላ ስጠይቃቸው፣ ማርያም ከቤት ውስጥም ትሰማለች አልኋቸው አሉኝ።

እኔም ዞር ብዬ በአጥር ቀዳዳ አየሁ። ገለባውን ጫረች፣ ዞረች፣ ተኛች፣ ተነሥታ እንደገና ጫረች። ከዚያ ሁለት ግልገል፣ ሁለቱም ደኅና። ሳይውሉ ሳያድሩ ቆመው ጠቡ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው በቀስታ እልል አሉ። አለቀስሁ፤ ማንም አላየኝም ብዬ አምናለሁ።

ቅዳሜ፣ 10

ዳልቻዋም ወለደች። ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ግልገሏን ልሳ ጨርሳ አገኘናት። ምንም አልሠራሁም፤ እንደ ዛሬ በሥራዬ ኮርቼም አላውቅ።

ወሬው ርቋል መሰል፣ ከጎረቤቱ ወረዳ፣ ከዝቋላ የመጣ ገበሬ ስለ ጋጣው ሊጠይቅ ገባ። እማማ ወደ እኔ እያመለከቱ፣ እሱን ጠይቀው፣ ያውቃል አሉት። ከመመስገን ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። እኔም ወደ እሳቸው አመለከትሁ።

እሑድ፣ 11

ከቅዳሴ ስመለስ ጆሮ ቆራጣዋ ጋጣውን ንቃ የኔን ክፍል መርጣለች። አልጋዬ ሥር፣ ለአለቃዬ የጻፍሁትን ሪፖርት ጎዝጉዛ ታምጣለች። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ይኸው ደጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እማማ አጠገቤ ናቸው። አንድ ግልገል ሲጮህ ሰምተናል፤ ሁለተኛ ይኑር አይኑር ገና አላወቅንም። ብድግ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ተቀመጥሁ።