ሄደች ወይስ ቀረች

ኅዳር 4 ቀን 1966

ዛሬ ሰባተኛ ክፍል "ሌፍት" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስተማርኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ግራ እጅ... አለቀ። መለሰ የሚባለው ተማሪ እጁን አወጣ። "መምህር፣ መጽሐፉ ላይ 'አውቶቡሱ ሌፍት' ይላል። አውቶቡስ ግራ ይሆናል እንዴ?" ክፍሉ ሳቀ። "ሄደ ማለትም ነው" አልኩ። ወረድ ብሎ ደግሞ "ሁለት ብርቱካን ሌፍት" ይላል። እሱ ተረፈ ነው።

"አንድ ቃል እንዴት ሄደም ተረፈም ይሆናል?"

"በአገባቡ ይለያል።"

ደወል ተደወለ፤ ተገላገልኩ። ከፈረንጅ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ነው የማስተምረው። ለነገሩ የትኛውን ሰምቼ?

ከደጋው የሚወርደው ሰው በዝቷል። የዘንድሮውም መኸር ባዶ ነው።

ኅዳር 12

ዳይሬክተሩ ንጉሡ አስጠራኝ። ከገበያው ጀርባ ለተረጂዎች ድንኳን ተተክሏል፤ ፈረንጅ ነርስ መጥታለች፤ አስተርጓሚ የላትም። "ከሰዓት በኋላ አንተ ትሄዳለህ።"

"የኔ እንግሊዝኛ የመጽሐፍ ነው" አልኩት።

"የሌሎቻችን የመጽሐፍም አይደል" አለኝ።

ሄድኩ። ሲስተር ኤለን ትባላለች። ረጅም ናት፤ አፍንጫዋን ፀሐይ ልጦታል። ፈጥና ነው የምትናገረው፤ የቃሉን ጫፍ ትውጠዋለች። ግማሹን እሰማለሁ፤ ግማሹን እገምታለሁ።

ስለ ሰዎቹ አልጽፍም። ዛሬ አልችልም...

ኅዳር 13

ዛሬም አልችልም።

ኅዳር 25

ቃሉ እዚያም አለ። ወተቱ ሲያልቅ "ምንም ሌፍት የለም" ትላለች። ቦርሳዋን ስትረሳም ያው ቃል ነው። ስደርስ ደግሞ በመጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ማን ሌፍት?" ብላ ነው። ለካ ማን ቀረ ማለቷ ነው። እኔ የሄዱትን ስነግራት ሰነበትኩ። አላረመችኝም። ደክሟት ይሆን?

ምናለ ብጠይቃት? ግን እየጠየቀ የሚያስተረጉም ምኑን አስተርጓሚ ሆነ? አፈርኩ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 3

አራጌ የሚባል ሰው መጣ። ከደጋው፣ ከማሻ በላይ ካለ አገር ነው። የሰው መሬት ነው የሚያርሰው። በሬው ሲሞትበት የቀን ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ቤቱ ባዶ... ሚስቱ ልጇን ይዛ ወደዚህ ወደ መካነ ሰላም ሄደች አሉት። በእግሩ መጣ።

"ብርሀንነሽ ትባላለች። ልጅቷ አልታየች ናት።"

"ልጅቷ ናት ያልታየችው?" አልኩት።

"የለም፣ ስሟ ነው። አልታየች።"

ለኤለን ነገርኳት። የታመመ ሕፃን እያስታመመች ነበር። ነፋሱ ሸራውን ይደበድበዋል። አንገቷን መለስ አድርጋ አስታወሰች። ከማሻ፣ እናትና ሴት ልጅ... እናትየዋ ሞታለች አለች። ቀጥላም "ልጅቷ ብቻ ሌፍት" አለች። ወዲያው ሌላ ድንኳን ጠሯት፤ ሮጠች።

ነገርኩት። ሚስትዎ አርፋለች፤ ልጅቷ ብቻዋን ሄዳለች። ከትናንት ወዲያ የእርዳታ መኪና ሰው ጭኖ በወረኢሉ በኩል ወደ ደሴ ሄዶ ነበር፤ ከእነሱ ጋር መስሎኝ።

መሬት ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። "በየት በኩል ነው?" አለኝ። መንገዱን አሳየሁት። ቁራሽ ዳቦ ሰጡት፤ በነጠላው ጫፍ ቋጠረው። "ለሷ ይሆናል" አለ።

ታኅሣሥ 5

ኤለን ዛሬ ጠየቀችኝ። "ያ አባት ልጁን ሳያይ ለምን ሄደ?"

የቷን ልጅ?

ይዛኝ ገባች። ኩፍኝ ያለባቸው የሚተኙበት ድንኳን ነው፤ እኔ ገብቼ አላውቅም። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፤ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። "አልታየች" አልኳት። ቀና አለች።

ልጅቷ ብቻ ቀርታለች። ያለችው እንደዚያ ነበር። ቀርታለች።

ታኅሣሥ 6

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ለአባቴ ነገርኳቸው። ከደረሶቻቸው፣ ከቁርኣን ተማሪዎቻቸው ጋር ነበሩ፤ ልጆቹን አሰናበቱና ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቁርኣኑን አጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ "ከማል፣ ልጅቷ የት ናት?" አሉ።

"ድንኳኑ ውስጥ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ አምጣት።"

"አባቷስ?"

"አባቷን እንፈልገዋለን። እሷን ግን አግኝተናል።"

ኤለን ፈቀደች። እህቴ ኑርጃን አጠበቻት፤ ራሷን ቀባቻት። ልጅቷ ምንም አትናገርም። የሰጧትን ትበላለች፤ ከሰጧት ላይ ትደብቃለች።

ታኅሣሥ 19

ለወረኢሉ ነጋዴዎች ነገርኩ። ለሾፌሩ ለበላይ ነገርኩ። ደሴ ለሚያውቀው ሁሉ ይናገራል። "አራጌ የሚባል፣ የማሻ ሰው፣ ልጁን የሚፈልግ።"

"ልጁን የማይፈልግ ማን አለ በዚህ ዘመን" አለኝ በላይ። ግን እናገራለሁ አለ።

ጥር 14

አባቴ ለቤቱ ሁሉ ሕግ አወጡ። ይቺ የክርስቲያን ልጅ ናት፤ አደራ ናት። ሥጋ ከተገኘ ጎረቤታችን የአምባቸው ሚስት ትስጣት። ልጅቷ ከደረሶቹ አጠገብ ተቀምጣ ቁርኣን ሲቀሩ ትሰማለች። ዛሬ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። አባቴ ፈገግ አሉ፤ ቀስ ብለው እጇን ይዘው ከአምባቸው ልጆች ጋር እንድትጫወት ላኳት። "አባቷ ሳይፈቅድ አናቀራትም።"

የማተቧ ክር አርጅቶ ሊበጠስ ነው። አባቴ ራሳቸው ሄደው ለቄሱ ነገሩ። አዲስ አሰሩላት።

የካቲት 2

ተናገረች። ኑርጃንን "ያመኛል" አለቻት። የት? ምን? ጣቷን እሾህ ወግቷት ነው። ኑርጃን ከደስታዋ የተነሣ እሾሁን መንቀል ረስታ ጠራችን።

የካቲት 20

መምህራን ሥራ አቁመናል። አገሩ ሁሉ አቁሟል ይላሉ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በበላይ የጭነት መኪና ወረኢሉ ሄድኩ። መስጊድ ደጃፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የከብት ገበያ... አንድ ሽማግሌ አስታወሱት። "ነጠላው ላይ ዳቦ የቋጠረ? አዎ፣ አልፏል። ዳቦውን ብላ ስንለው እምቢ አለ።"

ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የለም።

የካቲት 23

ተመለስኩ። አባቴ "አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ሲሉኝ ይብስብኛል።

ሰኔ 8

ድንኳኑ ሊነሣ ነው። ወገን የሌላቸው ልጆች ደሴ ወዳለ ማሳደጊያ ይወሰዳሉ ተባለ። አልታየችም ተመዝግባለች። ኤለን ቤት ድረስ መጣች። እዚያ ምግብ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ትምህርት አለ። እውነቷን ነው። ለአባቴ አስተረጎምኩ።

አባቴ ብዙ አሰቡ። "አባቷ የሚያውቀው መካነ ሰላምን ነው። ልጁን ያጣት እዚህ ነው። ሰው ዕቃ የጠፋበት ቦታ ተመልሶ ያያል። ቢመጣና ባያገኛት፣ ሁለተኛ ምን ልንለው ነው?"

ለኤለን ስነግራት እኔን አየችኝ። "አንተስ ምን ትላለህ?" እስካሁን የሰው ቃል ሳቀብል ነው የኖርኩት፤ የራሴን ጠይቃኝ አታውቅም። "ትቆይ" አልኩ። ሌላ ቃል አልተጠቀምኩም።

ደብተሯ ላይ የልጅቷን ስም ሰረዘች። ያን ቀን እሷም "ቀርታለች" የሚል ሌላ ቃል ነበራት፤ በችኮላ ቀላሉን አነሣች። ይህን ስትሰናበተኝ ራሷ ነገረችኝ። አልከራከርኳትም። እኔ ግን መጠየቅ እችል ነበር።

መስከረም 3 ቀን 1967

ንጉሡ ወረዱ። ዳይሬክተራችን አይደለም፤ ጃንሆይ። ሬዲዮ ያለው የአምባቸው ቤት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር። ማንም አልጮኸም። ሰው ወጥቶ ከብቱን አስገባ።

ጥር 22

ዘማች ተማሪዎች ገቡ። አንዱ፣ ሞላ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ እኛ ቤት መጥቶ ስለ "ሌፍት" አስረዳን። ይኸው ደግሞ ሌላ ትርጉም! ግራ ማለት ለድሃ የቆመ ነው፤ ቀኝ ማለት ለባላባት።

አባቴ አዳመጡ። "እኛ በቀኝ ነው የምንበላ። ለድሃ ለመቆምስ ቀኙ ምን ይከለክለዋል?" አሉ። ሞላ ሳቀ። ጥሩ ልጅ ነው።

የካቲት 26

መሬት ላራሹ ሆነ። ትናንት ታወጀ። ዛሬ ከተማው በሰው ተጥለቀለቀ። ተሰድደው የነበሩት ገበሬዎች አገራቸው እየገቡ ነው ይላሉ።

ኑርጃን የልጅቷን ፀጉር እየሠራች ነበር። ድንገት "አባቷስ?" አለችኝ። "በሕይወት ካለ አሁን የት ይሄዳል?"

እንዴት አላሰብኩትም? እስከ ዛሬ በሄደበት መንገድ ነው የምፈልገው።

መጋቢት 7፣ ማሻ

የአምባቸውን በቅሎ ተውሼ መጣሁ። ለልጅቷ ምንም አልነገርናትም።

እዚህ ሳልደርስ ነው ያገኘሁት። የበልግ እርሻ ላይ ነበር። አንዱ በሬ የአጎቱ፣ ሌላው የጎረቤት፤ አቀናጅቶ ያርሳል። ከስቷል። አወቀኝ።

"መምህሩ ነዎት። የድንኳኑ።"

"ልጅዎ አለች" አልኩት። ሌላ መጀመሪያ አልነበረኝም። "ያን ጊዜም አልሄደችም። አሳስቼ ነው የነገርኩዎት።"

እርፉን አልለቀቀም። በሬዎቹ ቆሙ።

"የት ነው ያለች?"

"እኛ ቤት፣ አባቴ ዘንድ።"

"ታማለች?"

"ደህና ናት።"

"ትናገራለች?"

"ከሁላችንም በላይ።"

እርፉን ለቀቀና እርሻው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ራሱ አወራኝ። ደሴ መጠለያውን ሁሉ ዞሯል። ማሳደጊያም ጠይቋል። ኮምቦልቻ ድንጋይ ሲሸከም ከርሞ በዚህ ጥር ተመለሰ።

"ፈረንጇ ምን ብላ ነበር?" አለ።

ቃሉን አስረዳሁት። መሄድም መቅረትም እንደሆነ። አፈር በጣቱ እየፈረፈረ ሰማኝ።

"የኛስ?" አለ። "እኔ አገር ላገር ስዞር እዚህ 'አራጌ ቀረ' ብለው ተዝካሬን ሊያወጡ ነበር። ሄዶ የጠፋውንም ቀረ ነው የምንለው።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። አልጠየቅኩትም። ተነሣ፤ እርፉን ያዘ። "ይቺን ትልም ልጨርስና እንሄዳለን" አለ። ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።

መጋቢት 10

ገባን። ልጅቷ አላወቀችውም። በአባቴ ጋቢ ውስጥ ተደበቀች። አራጌ ሊይዛት አልሞከረም። በር ላይ ተቀመጠ። "አታስገድዷት። እኔም ስለያት እንዲህ ትልቅ አልነበረችም" አለ።

ደረሶቹ ቤት ነው ያደረው።

መጋቢት 12

ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነለትም፤ የደረሶቹን ቤት ክዳን ይጠግናል። ልጅቷ ከሩቅ ታየዋለች።

መጋቢት 13

ኑርጃንን "ያ ሰውዬ እናቴን ያውቃታል?" አለቻት። "ጠይቂው" አለቻት ኑርጃን። ሄደች። ከመሰላሉ ሥር ቆማ ጠራችው።

"ብርሀንነሽን ታውቃታለህ?"

"አውቃታለሁ።"

"ሞታለች።"

"አዎ። ነገሩኝ።"

ከዚያ የሣሩን እስር አንሥታ አቀበለችው። ሌላም አቀበለችው። እስኪመሽ እንዲሁ ሠሩ። እራት ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

አባቴ ዛሬ ከወትሮው ቀደም ብለው ተኙ።

መጋቢት 19

ሄዱ። ልጅቷን በቅሎ ላይ አስቀመጥናት። አራጌ የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ያዙት። "የልጅ አባት ነህ፤ ቀና በል" አሉት። ከዚያ "እዚያ ትምህርት ቤት አለ?" ብለው ጠየቁ።

"የለም፣ ሸህ።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።"

አራጌ በቅሎዋን ትንሽ አራመደና ቆመ። "ለመስከረም አመጣታለሁ" አለ።

ለእኔ እጁን ሰጠኝ። ጠበቅ አድርጎ ነው የያዘኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልተረጎምኩትም።

ግንቦት 2

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ኑርጃን ማበጠሪያውን አንሥታ ታስቀምጣለች።

መስከረም 12 ቀን 1968

አራጌ ትናንት አመጣት። ከበልጉ እህል ጥቂት ገብስና ቅል ሙሉ ማር ይዟል። አባቴ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። ሲወጡ ካየኋቸው ቆይቷል።

ዛሬ አንደኛ ክፍል ላስመዘግባት ወሰድኳት። አራጌም አብሮን ነበር፤ ጥግ ይዞ ቆመ። መዝጋቢው ራሱ ዳይሬክተሩ ንጉሡ ነው።

"ስምሽ?"

"አልታየች አራጌ።"

"ቤትሽ የት ነው?"

አባቷን አየችው። እኔን አየችኝ። "የትኛው?" አለችው መዝጋቢውን።

ንጉሡ ብዕሩን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

"ሁለቱንም ጻፍ" አልኩት።

ጻፈ።