ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሜዳ

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የምትሠሪበት ቤት እመቤት ስልክሽን ከነጠቀችሽ ወዲህ ድምፅሽ ጠፍቶብን እማዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ደንግጣ ትነሣለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። የጎረቤታችን ልጅ ሙህሲን ሐሙስ ወደ ሪያድ ስለሚበር ይህችን በእጁ ሰደድኩልሽ።

መጨረሻ ስንነጋገር፣ «እኔ ሰማይ የማየው ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ነው፤ አንቺ ግን አመሻሽ ላይ አስፋልቱን ይዘሽ ንፋስ ተቀበዪልኝ» ብለሽኝ ነበር። አልቻልኩም እታለሜ። ለምን እንዳልቻልኩ ልንገርሽ።

የቆቦን ነገር ታውቂዋለሽ። ኳስ ሜዳው የወንዶቹ፣ ጆተኒው የወንዶቹ፣ የካፌው በረንዳም የእነሱ። እኛ መንገድ ላይ ትንሽ ከቆምን «ማንን እየጠበቅሽ ነው?» ነው ጥያቄው። አንድ ቀን የልብስ ሰፊው ልጅ ጀዊሪያ፣ ጓደኛዬ፣ «እኛስ የዚህ ከተማ ልጆች አይደለንም?» ብላ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየችኝ። ድንጋይና የጠርሙስ ስባሪ ነበር የሞላው። ለቅመን ጨረስነው። ቮሊቦል ልንጫወትበት ፈለግን፤ መረብ ግን የለንም። ጎማ ቤት የሚሠራው የዋጃው ልጅ ዘካሪያስ ነው ከሽንኩርት ኬሻ ክር እየፈተለ፣ በምሳ ሰዓቱ እየቋጠረ መረብ የሠራልን። ማንም አልለመነውም። እጁ እንዴት ፈጣን እንደነበር ብታዪው!

ወዲያው ክስ መጣ። ከመስጊዱ አንድ አባት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አንድ ቄስ፣ ጎን ለጎን ሆነው መጡ። ሁለቱን አንድ ላይ የማያቸው ለልቅሶ ወይም ዝናብ ሲጠፋ ለምህላ ነበር። ሴት ልጅ አደባባይ ላይ አትዘልም አሉን። ይሄን ጊዜ የጀዊሪያ አባት የስፌት መኪናውን ትቶ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣና፣ «እነዚህ ልጆች ጦርነቱን አልጋ ሥር ተኝተው ነው ያሳለፉት። ፀሐይ ላይ ቢዘሉ ምን አላችሁ? ወላሂ፣ ምሰሶ ከጠፋ እኔ ቆሜ መረቡን እይዝላቸዋለሁ» አላቸው። ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። በዚያው ተተወልን።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ጀዊሪያ ሂጃቧን ጠበቅ አድርጋ አስራ ስትዘል የሚያቆማት አልነበረም። በገበያ ቀን ከጎብዬ የመጣው ገበሬ ይቆማል፣ አፋሮቹ ግመላቸውን ይዘው ይቆማሉ፣ ኳስ ሲወድቅብን ሁሉም በየቋንቋው ይጮህብናል። ዘካሪያስ አማርኛና ትግርኛ ስለሚቀላቅል ስንሸነፍ «ኣጆኽን!» ይለን ነበር። አይዟችሁ ማለቱ ነው። ቃሉ ጣመንና የሁላችንም ሆነ። ቄሱ ሳይቀሩ ሲያልፉ «ኣጆኽን» ይሉን ጀመር።

ከዚያ ከተማው እንደገና ተረበሸ። ባጃጅ በጊዜ መግባት ጀመረ፣ መሰብሰብ ያስጠይቃል ተባለ። እኛ ግን ኳስ መሰብሰብ ነው ብለን አላሰብንም። አንድ ከሰዓት በኋላ የታጠቁ ሰዎች መጡ። የማን እንደሆኑ አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤው መንገደኛ ነው። አለቃቸው ኳሱን በእግሩ አቁሞ፣ «ቅድም በትግርኛ የጮኸው ማነው?» አለ። ሁላችንም ነበርን የጮህነው። እኔም ነበርኩ። ጀዊሪያ «እኛ ነን፣ ጨዋታ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት ዘካሪያስ ቀደማትና፣ «እኔ ነኝ። እነሱ ትርጉሙንም አያውቁት» አለ።

ወሰዱት እታለሜ። እጁ ላይ የጎማ ጥላሸት ነበረበት። ዞር ብሎ አየኝ። ጣቢያው አልያዝንም አለ፣ ወረዳው አላየንም አለ። እናቱ በየገበያው ቀን ከዋጃ ትመጣለች፤ ሰው ሁሉ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። እኔ አብሬያት እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ፊቴን ትክ ብላ አየችና፣ «አንቺም እንደኔ እንቅልፍ የለሽም» አለችኝ።

ሜዳው አሁን በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከባድ መኪና ይቆምበታል። የጀዊሪያ አባትም ፈርቶ፣ ያ ሁሉ ደፋር ሰው፣ ልጁን ከቤት አትወጪም አላት። ወር ሳይሞላ በዞብል ተራራ አድርገው ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር ከሚሻገሩት ጋር ጠፋች። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደውላ «ሙቀቱ ነው እንጂ ደህና ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይጠራም። አባቷ የስፌት መኪናው ፊት ይቀመጣል፣ አይሰፋም።

እኔ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ነኝ። ማታ ማታ ግድግዳ አያለሁ። ይህች ከተማ ለእኔ የምትሆን አንዲት ክንድ መሬት እንኳ የላትም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስልክ ካገኘሽና እማዬ ስለ እኔ ከጠየቀችሽ፣ ደሴ አክስታችን ዘንድ ለሥልጠና ሄዳለች በያት፤ እኔም እንደዚያው ነው የነገርኳት። ስልኬ ለጊዜው ባይሠራ አትደንግጪ። አሁን ባሕሩ ረጋ የሚልበት ወቅት ነው ይላሉ፤ አንቺ በአውሮፕላን ስለሄድሽ አታውቂውም። እማዬ ካዘጋጀችልሽ በርበሬ ጋር ሐምራዊዋን ቀሚሴን ልኬልሻለሁ፤ ልበሻት። ቆንጆ ናት፣ ለመንገድ ግን አትመችም።

አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ክፉ እጅ አይንካሽ፣ ለእማዬ ዓይን ያብቃሽ። እኔንም በጸሎትሽ አትርሽኝ።

እስከ መቼውም የምትወድሽ፣
ታናሽ እህትሽ